እጄን አትያዙኝ

ዊኒፔግ፣ ካናዳ
ጥቅምት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ለዝናሽ፤

ከእናትሽ ከባየሽ፣ ከልጆችሽና ከደጃፍሽ ጎረቤት ጋር ሰላምሽ ይብዛ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ቆሜ እሄዳለሁ፤ እበላለሁ፤ ዓይኔም ፊደል ይለያል። ጆሮዬን ግን አብደራፊ ሳለሁ ትራክተር ላይ ትቼው እንደመጣሁ ታውቂያለሽ። በስልክ ስትደውዪ ድምፅሽ እንደ ንብ ይጮኽብኛል እንጂ ቃሉ አይለይልኝም። ስለዚህ እንደ ድሮው በወረቀት እጽፋለሁ። ልጄ ሠላማዊት ፎቶ አንስታ በስልኳ ትልክልሻለች። አንቺም በእጅሽ ጽፈሽ በዚያው መንገድ ላኪልኝ።

ዝናቡ እንዴት ሆነ? ሰሊጡ ሳይረግፍ አጨዳው ደረሰ ወይ? ሠራተኛው ከደጋ እንደ ልብ ወርዷል? መንገዱስ?

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። እዚህ አገር ብርዱ ሊገባ ሲል ሽማግሌውን ሁሉ ለጉንፋን መርፌ ይጠሩታል። ገንዘብ አይጠይቁም፤ ከቤታችን ሁለት መታጠፊያ አለፍ ብሎ ያለው መድኃኒት ቤት ይሰጣል። ሠላማዊት ጠዋት ማታ እሱን ነው የምታነሳብኝ። እኔ አልወጋም ብያለሁ። ጉንፋን ከመቼ ወዲህ ነው በሽታ የሆነው? የመተማን ፀሐይና የወባውን ወራት አልፌ የመጣሁ ሰው ነኝ። አምና አቶ ባህሩ የሚባል የጎንደር ሰው፣ እዚህ ያለ ወዳጄ፣ ተወግቶ ሳምንት ሙሉ ሲያስል ሰነበተ። ደግሞ እኔ ቋንቋቸውን አልችል፣ የሚሉኝን አልሰማ፤ ምን እንደሚከቱብኝ በምን አውቃለሁ? አምና ጥር ላይ ትንሽ ሳል ይዞኝ ነበር፤ በራሱ ጊዜ ለቀቀኝ።

አንቺ ነርስ ነሽ። ሠላማዊት ከእኔ ይልቅ አንቺን ትሰማለች። «አባትሽን ተዪው፤ በዚህ ዕድሜው አያስፈልገውም» ብለሽ ጻፊላት። የምለምንሽ ይህችን ብቻ ነው።

ካለሽበት ቀዬ ክፉ አይድረስ።

አጎትሽ ይስማው


ገንዳ ውሃ
ጥቅምት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለጋሼ ይስማው፤

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? ብርዱስ እንዴት ይዞዎታል? እኛ ደህና ነን። እናቴ ተቆጥሮ የማያልቅ ሰላምታ ልካለች። የዘገየሁት ኔትወርክ ስድስት ቀን ጠፍቶብን ነው። ሰሊጡ ጥሩ ነው፤ ገበሬው ግን ሠራተኛ አጥሮት ተጨንቋል። መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ ሁለት ቀን ይዘጋል።

ጋሼ፣ የጠየቁኝን አላደርገውም። አባቴ ከሞተ ጀምሮ ያሳደጉኝ፣ አስተምረው ነርስ ያደረጉኝ እርስዎ ነዎት፤ እስከ ዛሬ እምቢ ያልኩዎት ነገር የለም። ይህ የመጀመሪያው ነው።

አምና የያዘዎትን «ትንሽ ሳል» ሠላማዊት ነግራኛለች። አሥራ አንድ ቀን ሆስፒታል ተኝተዋል። ኦክስጅን በአፍንጫዎ ገብቶልዎት ነበር። ያ ጉንፋን አይደለም፣ ኢንፍሉዌንዛ ነው። ጉንፋን አፍንጫ አፍስሶ ይሄዳል፤ ይኸኛው ሳንባ ድረስ ይወርዳል፤ ሰባ ያለፈውን ሰው ደግሞ አይምርም። ሰው ተወግቶም ሊታመም እንደሚችል አልክድም። ነገር ግን መርፌው በሽታውን አያመጣም፤ የተወጋ ሰው ቢታመም እንኳ ብዙ ጊዜ ቤቱ ተኝቶ አስሎ ይነሳል።

እኛ ዘንድ ይህ ክትባት የለም። የጤና ጣቢያችን ማቀዝቀዣ ውስጥ የሕፃናቱን አስቀምጣለሁ፤ የሽማግሌ የጉንፋን ክትባት ግን በእጄ ይዤ አላውቅም። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ አሮጊት ሽማግሌው ደረቱን ይዞ ይመጣል፤ ያለኝን ሰጥቼ እሸኛለሁ። የሚመለስ አለ፤ የማይመለስም አለ። እርስዎ ሁለት መታጠፊያ አልፈው የሚያገኙትን እኔ እዚህ ባገኝ በየቤቱ ይዤ እዞር ነበር።

አንድ ነገር ላጫውትዎት። በ2014 የኮሮና ክትባት ሲመጣ እማማ ዋሲላ የሚባሉ፣ ከጋላባት ማዶ ተወልደው እዚህ ያገቡ የሰማንያ ዓመት እናት ነበሩ። መጀመሪያ ስሄድ «ዕድሜዬን የሚያውቀው አላህ ነው» አሉኝ። ሁለተኛ ስሄድ «ልጆቼ አይፈቅዱም»። ሦስተኛ ስሄድ «ሰው ሞተበት አሉ»። በአራተኛው ስለ ክትባቱ አላነሳሁም፤ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ባቄላ ስፈለፍል ዋልኩ። ልነሳ ስል፣ «ልጄ፣ እግሬ እኮ አያራምደኝም። በሰው ጀርባ ታዝዬ ገበያ መሐል ላልፍ ነው?» አሉኝ። በማግስቱ ክትባቱን በበረዶ ሳጥን ይዤ ቤታቸው ገብቼ ወጋኋቸው። ከልጆቻቸውም ጋር ከአላህም ጋር ጠብ አልነበራቸውም።

ከዚያ ወዲህ ሰው የሚነግረኝን ምክንያት እሰማለሁ፤ በእሱ ብቻ ግን አልመለስም። እርስዎ ብዙ ምክንያት ጽፈውልኛል። ያልጻፉት የትኛው ነው?

ጉልበትዎን ያጽናልዎት።

ልጅዎ ዝናሽ


ዊኒፔግ
ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዝናሽ፤

ሰላም ለአንቺ ይሁን። ደብዳቤሽ ደረሰኝ።

በሰባ ስድስት ዓመቴ በልጆች መመርመር አልፈልግም። አንዷ እዚህ ቤት ውስጥ ታፈጥብኛለች፤ አንዷ ከመተማ ሆና ታውጣጣኛለች። የሆስፒታሉን ነገር ሠላማዊት ባትነግርሽ ይሻል ነበር፤ ይህንኑ ነግሬያታለሁ።

ያልጻፍኩት ምክንያት የለኝም። መርፌ የሚያድነው ሰው አለ፤ የሚገድለውም አለ። እኔ በዓይኔ ያየሁትን አንቺ ከመጽሐፍ ያነበብሽው አይሽረውም። አለልኝ ቢኖር ኖሮ ለታላቁ እንዲህ ብለሽ ባልጻፍሽ።

ከዚህ በኋላ ይህን ነገር አታንሺብኝ።

ይስማው


ገንዳ ውሃ
ኅዳር 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለጋሼ ይስማው፤

ሰላምዎ ይብዛልኝ። አስቀይሜዎት ከሆነ ከእግርዎ ወድቄ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ደብዳቤዎን ግን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሦስት ጊዜም ዓይኔ አንድ ቃል ላይ ቆመ።

«አለልኝ» ብለዋል።

ጋሼ፣ አባቴ ከሞተ ሃያ ሰባት ዓመት ሊሞላው ነው። ከአፍዎ ስሙን ሰምቼ አላውቅም። ያስተማሩኝ ጊዜም፣ የዳሩኝ ጊዜም፣ ወደ ካናዳ ሲሄዱ አቅፈው የተሰናበቱኝ ጊዜም «የወንድሜ ልጅ» ነው ያሉኝ። በቆላው በሽታ በካላዛር እንደሞተ አውቃለሁ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እርስዎ አጠገቡ እንደነበሩም አውቃለሁ። እናቴን ስጠይቃት «መርፌ ላይ እያለ ነው ያረፈው፤ የቀረውን አጎትሽ ያውቃል» ትለኛለች፤ ከዚያ ወሬ ትለውጣለች።

በዓይኔ ያየሁት ያሉት እሱን ነው?

የጉንፋኑን መርፌ እስኪነግሩኝ ድረስ ደግሜ አላነሳም። ይህን ግን እጠይቃለሁ፤ ዛሬ ባይመልሱልኝ በሚመጣው ወርም እጠይቃለሁ። አባቴ እንዴት ሞተ?

ልጅዎ ዝናሽ አለልኝ


ዊኒፔግ
ኅዳር 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለዝናሽ፤

በሰላም ያግኝሽ። ይህን ደብዳቤ ሠላማዊት አላየችውም። አቶ ባህሩ ለጥምቀት ወደ ጎንደር ስለሚሄድ በፖስታ አሽጌ ሰጠሁት። እስኪደርስሽ ይዘገያል። ይዘግይ።

አባትሽን ወደ ቆላ የጠራሁት እኔ ነኝ። በ1989 ክረምት እኔ አብደራፊ ትራክተር እነዳ ነበር። «ለአረም ና፤ ሥራ አለ» ብዬ ወደ አገራችን ወደ ወገራ ላክሁበት። መጣ። እንደ ሌላው ሳሉግ ሁሉ፣ እንደ ቀን ሠራተኛው፣ ግራር ሥር ተኝቶ ያድር ነበር። ካላዛርን የምታመጣው ትንኝ እዚያ እንደምትኖር አሁን ሁሉም ያውቃል፤ ያኔ እኛ ትኩሳት ሁሉ ወባ ነው የሚመስለን። በሚቀጥለው ዓመት ግንቦት ላይ ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፍቶ፣ ክንዱ እንጨት ሆኖ ሳየው ተሳቢው ላይ ፍራሽ አንጥፌ ወደሚታከምበት ድንኳን ወሰድኩት።

ሠላሳ መርፌ ታዘዘለት፤ በቀን አንድ። መርፌው እንደ እሳት ያቃጥላል። የተወጋው አብጦ መቀመጥ አቃተው፤ የበላውን ይመልሳል። በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ «አያ ይስማው፣ በቃኝ። ወገራ ውሰደኝ» አለኝ።

«የቀረህ እኮ አሥራ ስምንት ነው» አልኩት።

«ዝናሽን ካላየኋት አሥራ ስምንቱ ምን ያደርግልኛል?»

«ጨርሰህ ታያታለህ።»

በአሥራ ሰባተኛው ቀን ነርሷ መርፌውን ይዛ ስትመጣ ተነስቶ ሊወጣ ሞከረ። ጉልበት አልነበረውም። ሁለት እጁን ያዝኩት። «ልቀቀኝ» አለኝ። «አልለቅህም» አልኩት። ወጋችው። ያን ቀንም፣ በማግስቱም ፊቱን ወደ ሸራው አዙሮ ዋለ፤ አላናገረኝም። በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ጠዋት አጥሚት ይዤለት ስገባ አርፏል።

ከወንድሜ የሰማሁት የመጨረሻ ቃል «ልቀቀኝ» ነው።

ለእናትሽ ግን «ቤተሰቡን እየመረቀ አረፈ» አልኳት። ዋሸኋት። አንቺን ነርስ እንድትሆኚ ለምን እንዳስተማርኩሽ ራሴም አላውቀውም።

አምና ጥቅምት መድኃኒት ቤቱ ድረስ ሄጄ ነበር። እጅጌዬን ጠቅልዬ ተቀመጥኩ። መርፌው ሲነሳ ሠላማዊት ከጎኔ ሁለት እጄን ያዘችኝ። «አይዞህ አባዬ» ያለችኝ ይመስለኛል፤ አልሰማኋትም። መንጭቄ ወጣሁ። በጥር ያ ሳል ያዘኝ። ለልጄ ፈሪ ሽማግሌ እመስላታለሁ። ይምሰላት።

ያልጻፍኩት ምክንያት ይህ ነው። ፍርዱ የአንቺ ነው።

ይስማው


ገንዳ ውሃ
ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ይስማው፤

እግዚአብሔር የልብዎን ሸክም ያቅልልዎት። ደብዳቤዎ በአውቶቡስ ሾፌር እጅ ጥር 14 ቀን ደረሰኝ። ይህንንም በዚያው መንገድ ለአቶ ባህሩ እልካለሁ፤ ወሩ ሳያልቅ ስለሚመለሱ ታሽጎ ይደርስዎታል።

እውነቱን ልንገርዎት። ሁለት ቀን ተናድጄ ነበር። ስለያዙት አይደለም፤ ዝም ስላሉኝ ነው። አባቴ ሳይጠራኝ የሞተ እየመሰለኝ ነው ያደግሁት። ስሜን ጠርቶ ነበር፤ ሃያ ሰባት ዓመት ደበቁኝ። ይህ ያመኛል። እስኪተወኝም ጊዜ ይፈልጋል።

በሦስተኛው ቀን ለእናቴ አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው ሰማች። ከዚያ፣ «እየመረቀ አረፈ ያለኝን አንድ ቀን አምኜው አላውቅም። አለልኝ እንኳን ሲሞት በፋሲካም መርቆ አያውቅ» ብላ ሳቀች። ሳቋ ወደ ልቅሶ ሄደ። ካለቀሰች በኋላ ለእኔም ነግራኝ የማታውቀውን ነገረችኝ። በዚያ ዓመት ለፋሲካ ወገራ ሲመጣ ሰውነቱ ያቃጥል ነበር አሉ። ትኩሳቱ ከጥር ጀምሮ እንደያዘውም ነግሯት ነበር፤ ከእርስዎ ደብቆ። «ታከም ብዬ ለመንኩት። ምንጣሮው ያመልጠኛል ብሎ ወረደ። እኔ እንኳ አልያዝኩትም። ይዤ አስቀርቼው ቢሆንስ?» አለችኝ።

ጋሼ፣ አንዱ ያዝኩት ብሎ፣ አንዷ አልያዝኩትም ብላ፣ ሁለታችሁም ይህን ሁሉ ዘመን ተቃጠላችሁ።

በማግስቱ እትዬ ሀብትነሽ ዘንድ ሄድኩ። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የካላዛር ሕሙማን ያስታመሙ ነርስ ናቸው። «አባቴን የገደለው መርፌው ነው ወይስ በሽታው?» ብዬ በግልጽ ጠየቅኋቸው። «አላውቅም» አሉኝ። «ያ መድኃኒት ከባድ ነበር፤ ልብ ይጎዳል፤ ለማን እንደሚከፋ አስቀድመን አናውቅም። አርፍዶ የመጣ ሰው ደግሞ አቅም አይኖረውም። ብዙውን ግን አስነስቶ ወደ አገሩ ሰዶታል። ሆዱ እስኪነፋ ቆይቶ ሳይወጋ የተረፈ ሰው አላየሁም።»

እኔም አላውቅም፤ አውቃለሁ ብዬ አልዋሽዎትም። የማውቀው፣ ወገራ ቢወስዱት መንገድ ላይ ወይም እናቴ እጅ ላይ ይሞት እንደነበር ነው። እርስዎ እንዲድን ነው የያዙት። ፍርድ ካሉኝ ፍርዴ ይህ ነው።

አሁን ስለ ጉንፋኑ መርፌ ላንሳ፤ ነግረውኛልና። ይህ ያ አይደለም። አንድ ጊዜ ነው፤ ክንድ ላይ ነው፤ ለዓመት ነው። ቢያምዎት አንድ ሁለት ቀን ክንድዎ ይከብዳል፤ ትንሽ ሊያተኩስዎትም ይችላል። ወቅቱ አልፏል ብለው አያመልጡኝም፤ ሠላማዊትን ጠይቄ ገና እየተሰጠ እንደሆነ አረጋግጫለሁ። ሌላ ምንም አልነገርኳት። የሚነግሯት እርስዎ ነዎት።

ብቻዎን ይሂዱ። ማንም አይያዝዎት። ከዚህ ደብዳቤ ጋር አንዲት ወረቀት አለች፤ በእንግሊዝኛ ጽፌያታለሁ። ለሚወጋዎት ሰው ይስጧት። እንዲህ ትላለች፦ «ስሜ ይስማው ነው። ለጉንፋን ክትባት መጥቻለሁ። አምና ጥር በኢንፍሉዌንዛ ሆስፒታል ተኝቼ ነበር። ጆሮዬ አይሰማም። እጄን አትያዙኝ። ልነሳ ብል ተዉኝ፤ ተመልሼ እቀመጣለሁ።»

የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር የጻፍኩት እርስዎን ስለማውቅዎት ነው።

ልጅዎ ዝናሽ አለልኝ


ዊኒፔግ
የካቲት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለዝናሽ፤

ጤናና ሰላም ከቤትሽ አይራቅ። ይህኛውን ሠላማዊት ፎቶ ታንሳው፤ የምደብቃት ነገር የለኝም።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ በኋላ አራት ቀን በኪሴ ይዤው ዞርኩ። ሰኞ፣ የካቲት 3፣ ሠላማዊት ሥራ ስትሄድ ጠብቄ ወጣሁ። በረዶው እስከ ቁርጭምጭሚት ነበር። መድኃኒት ቤቱ ስገባ ፀጉሯን የሸፈነች፣ ሱማሌ የምትመስል ወጣት አገኘሁ። ወረቀቱን ሰጠኋት። እስከ መጨረሻው አነበበች፤ ቀና ብላ አየችኝ፤ ደግማ አነበበች። መጋረጃ ወዳለበት ወሰደችኝና ወንበር አሳየችኝ።

ተቀመጥኩ። መርፌውን ስታዘጋጅ ሳይ ተነሳሁ። በሩ ድረስ ሄድኩ። አልተከተለችኝም፤ አልጠራችኝም። ዞር ብዬ ሳይ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ቁጭ ብላለች። ተመልሼ ተቀመጥኩ። በራሷ ትከሻ ላይ ጣቷን አድርጋ «እዚህ ጋ ብቻ ልንካ?» በሚል ዓይን አየችኝ። ራሴን በእሺታ ነቀነቅሁ። እጅጌዬን የሰበሰብኩት እኔ ነኝ። እጆቼ ጉልበቴ ላይ ነበሩ፤ ማንም አልነካቸውም። ወጋችኝ። ዝናሽ፣ እሾህ እንኳ ከዚያ ይበልጣል።

ከሰዓት በኋላ ግን ክንዴ ከበደኝ፤ ብርድ ብርድ አለኝ። አንቺ እንዲህ ይሆናል ብለሽኛል፤ ልቤ ግን ድንኳኑ ውስጥ ገባ። ሠላማዊት ከሥራ ስትመለስ ብርድ ልብስ ተከናንቤ አገኘችኝ። ደነገጠች። «ተወግቼ ነው» አልኳት። ከዚያ ስለ አለልኝ ሁሉንም ነገርኳት፤ ከአረሙ ጀምሮ እስከ አጥሚቱ። በማግስቱ ትኩሳቱ ሄደ፤ ክንዴም በሦስተኛው ቀን ተፈታ። ዛሬ ደህና ነኝ። አቶ ባህሩም ከጎንደር ከተመለሰ ወዲህ አብረን እየተራመድን ነው።

ሠላማዊት ስነግራት አላቋረጠችኝም። ስጨርስ ወረቀት አንስታ የጻፈችልኝን እገለብጥልሻለሁ፦ «አባዬ፣ አምና እጅህን የያዝኩት አንተ የፈራህ መስሎኝ አይደለም። እኔ ፈርቼ ነው። እንዳላጣህ ፈርቼ።»

እሱን ሳነብ አሥራ ሰባተኛው ቀን ትዝ አለኝ። ያን ቀን አባትሽ ከእኔ ጋር ሲታገል፣ እኔ ታላቅ ነኝና የማውቅ መስሎኝ ነበር። አላውቅም ነበር ልጄ። እንዳላጣው ፈርቼ ነበር።

ይህን ለባየሽ አንብቢላት።

አጎትሽ ይስማው